ድረ ገጹ ውጭ ይከፈታል፣ ቢሮ ውስጥ የለም፦ የውስጥ ዲኤንኤስ ግጭትን እንዴት እንፍታው?

ስልኩ ብዙ ጊዜ የሚጮኸው ጠዋት ላይ ነው። «ኧረ ዌብሳይታችን ጠፍቷል!» ይላሉ ከማርኬቲንግ ክፍል። ስልካችሁን አውጥታችሁ በሞባይል ዳታ ትሞክሩታላችሁ። ቁልጭ ብሎ ይከፈታል። የቢሮውን ዋይፋይ ስትይዙ ግን ገጹ አልተገኘም ይላል። ዓለም ሁሉ እያየው፣ የድርጅቱ ሠራተኛ ብቻ የራሱን ድርጅት ገጽ ማየት አቃተው።

ሆስቲንግ የሚሰጧችሁን ሰዎች ብትጠይቁ «በእኛ በኩል ሰላም ነው» ይሏችኋል። እውነታቸውን ነው። ኢንተርኔት አቅራቢውም የለበትም። ነገሩ ያለው እዚያው ሰርቨር ክፍላችሁ ውስጥ፣ ዲኤንኤስ ሰርቨሩ ላይ ነው፤ ዲኤንኤስ ማለት የድረ ገጽን ስም ወደ አይፒ አድራሻ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ወደሚገናኙበት ቁጥር፣ የሚተረጉም መዝገብ ነው። ሰርቨሩም ቢሆን አልተበላሸም፤ የተሰጠውን ሥራ በትክክል እየሠራ ነው። ጉዱም ይኸው ነው።

ሁለት ባለቤት ያለው ስም

የድርጅታችሁ ስም ኩባንያ.ኮም ነው እንበል። ስሙ ለምሳሌ ያህል ነው፤ የራሳችሁን እየተካችሁ አንብቡ። ከፊቱ ሦስት ደብሊው ያለበትን ሙሉ አድራሻ «ባለ ሦስት ደብሊው» እለዋለሁ። ያለ ምንም ቅጥያ የሚጻፈውን ደግሞ «ባዶው ስም»።

ማይክሮሶፍት አክቲቭ ዳይሬክተሪን፣ የቢሮ ኮምፒውተሮችንና ተጠቃሚዎችን ከአንድ ቦታ የሚያስተዳድረውን ሥርዓት፣ ያመጣው ከዊንዶውስ 2000 ጋር ነው። ሰርቨሩ ሲተከል «የዶሜይኑ ስም ማን ይሁን?» ብሎ ይጠይቃል። የተከለው ሰውዬም ኩባንያ.ኮም ብሎ ይሞላል። ምን ያድርግ፣ የድርጅቱ ስም ነዋ! ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ስሙ ሁለት መዝገብ አለው። አንዱ ውጭ፣ ዶሜይኑን በገዛችሁበት ወይም ሆስቲንጉ ባለበት ቦታ። ሌላው ውስጥ፣ ይህን ሥርዓት በሚያንቀሳቅሰው ሰርቨር፣ በዶሜይን ኮንትሮለሩ ላይ። ሁለቱ መዝገቦች አይተዋወቁም።

የውስጡ ዲኤንኤስ ሰርቨር ስለ ጉግል ወይም ስለ ዊኪፔዲያ ስትጠይቁት «አላውቅም» ብሎ ወደ ውጭ ወጥቶ ጠይቆ ያመጣላችኋል። በኩባንያ.ኮም ስር ያለ ስም ስትጠይቁት ግን ጠባዩ ይለወጣል። የዚህ ስም ዞን (የስሙ መዝገብ) እጁ ላይ ስላለ የመጨረሻው ቃል የእኔ ነው ብሎ ያምናል። መዝገቡን ያገላብጣል። ባለ ሦስት ደብሊው የለም። «እንዲህ የሚባል ስም የለም» ብሎ ይመልሳል፣ አለቀ። ወደ ውጭ አይወጣም። ፎርዋርደሩ ላይ፣ ማለትም ሰርቨሩ የማያውቀውን ማንን እንደሚጠይቅ የሚነገርበት ቦታ ላይ፣ የጉግልን ዲኤንኤስ 8.8.8.8 ሞልታችሁም ቢሆን አይወጣም። ብዙ ሰው ሰዓቱን የሚያቃጥለው ይህችን ስለማያውቅ ነው።

መጀመሪያ አረጋግጡ

ምንም ከመንካታችሁ በፊት ቢሮ ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ላይ ኮማንድ ፕሮምፕት ክፈቱ። ኤንኤስሉካፕ (nslookup) ብላችሁ ክፍት ቦታ ተዉና ባለ ሦስት ደብሊውውን ሙሉ ስም ጻፉ። መጨረሻው ላይ ነጥብ ጨምሩበት። ነጥቧ ከሌለች ዊንዶውስ የራሱን ዶሜይን ስም ከኋላ እየቀጠለ ሊያደናግራችሁ ይችላል። መልሱን ያዙ።

ቀጥሎ ያንኑ ትእዛዝ ድገሙት፤ አሁን ግን ከስሙ በኋላ ክፍት ቦታ ትታችሁ 8.8.8.8 ጨምሩ። ይህ ማለት «የቢሮውን ሰርቨር ተወውና ጉግልን ጠይቅልኝ» ነው። ሁለቱን መልሶች ጎን ለጎን አስቀምጡ።

ውስጡ «የለም» ብሎ ውጭው አይፒ አድራሻ ከሰጠ፣ የምናወራው በሽታ ይኸው ነው። ሁለቱም አይፒ ሰጥተው አይፒዎቹ ከተለያዩ፣ ከእናንተ በፊት የነበረ ሰው ሪከርድ ጨምሮ ነበር፤ ድረ ገጹ ቦታ ሲቀይር ያስታወሰው የለም። ሁለቱም አንድ ዓይነት መልስ ከሰጡ ግን ዲኤንኤስን ተዉት፤ ፋየርዎልና ፕሮክሲ ላይ ፈልጉ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። አንዳንድ ፋየርዎል በ53 ፖርት የሚያልፈውን ጥያቄ ሁሉ ጠልፎ ራሱ ይመልሳል። መልሱን ከተጠራጠራችሁ ከቢሮው ኔትወርክ ውጪ ሆናችሁ ሞክሩ። ሁለተኛው፣ ኤንኤስሉካፕ የኮምፒውተሩን ካሽም (ቀድሞ የሰማውን መልስ የሚያስቀምጥበትን) ሆስትስ ፋይሉንም (ስምና አይፒ በእጅ የሚጻፍበትን) አያይም፤ በቀጥታ ሰርቨሩን ነው የሚጠይቀው። ስለዚህ እሱ ልክ መልስ እየሰጠ ብራውዘሩ ብቻ ካስቸገረ፣ ጥፋቱ ያው ኮምፒውተር ላይ ነው።

ማታለያዋ አቋራጭ

እኔም ገብቼባታለሁና ልናዘዝ። ለኮምፒውተሮቹ አድራሻ የሚያድለው ዲኤችሲፒ ላይ የቢሮውን ሰርቨር አንደኛ፣ 8.8.8.8ን ሁለተኛ ዲኤንኤስ አድርጌ ሰጠሁ። ሐሳቤ ቀላል ነበር፤ አንደኛው «የለም» ሲል ሁለተኛው ይጠየቃል። አይጠየቅም። ሁለተኛው የሚጠየቀው አንደኛው ዝም ሲል ብቻ ነው። «የለም» ደግሞ ዝምታ አይደለም፣ ሙሉ መልስ ነው። ኮምፒውተሩ ተቀብሎ ቁጭ ይላል።

እና ምንም አልተለወጠም። ሁለተኛውን አድራሻ ማንሳት ግን ረሳሁ። አንድ ቀን ሰርቨሩ አፕዴት ጭኖ ሪስታርት ሲያደርግ፣ በመሀል ዝም ሲልባቸው ከፊሎቹ ኮምፒውተሮች ወደ 8.8.8.8 ዞሩ። ጉድ ፈላ። ዌብሳይቱ ተከፈተላቸው! ግን የጋራ ፎልደር የለም፣ ፕሪንተር የለም፣ ዶሜይን ኮንትሮለሩም አይገኝም። ጉግል ስለ እኛ የውስጥ ሰርቨር ምን ያውቃል?

ሕጉ አጭር ነው። ዶሜይን ውስጥ ያለ ኮምፒውተር የውስጡን ዲኤንኤስ ብቻ ይጠይቅ። መጠባበቂያ ካስፈለገ ሁለተኛ ዶሜይን ኮንትሮለር አቁሙ። እንደ 8.8.8.8 ያለ የውጭ አድራሻ ቦታው ሰርቨሩ ላይ፣ ፎርዋርደር የሚለው ጋ ነው።

በየኮምፒውተሩ ሆስትስ ፋይል ላይ እየጻፉ መዞርም አለ። ለአንድ ቀን ሙከራ ይሁን። ለ40 ኮምፒውተር ካደረጋችሁት ግን አይፒው የተቀየረ ቀን 40 ጠረጴዛ ትዞራላችሁ።

ሪከርዱን መጨመር

የጎደለውን ለሰርቨሩ መንገር ነው ዋናው ሥራ። መጀመሪያ ትክክለኛውን መረጃ ያዙ። የሆስቲንጉ መቆጣጠሪያ ገጽ ላይ፣ ሲፓነል ከሆነ ዞን ኤዲተር የሚለው ውስጥ፣ ባለ ሦስት ደብሊው ምን ዓይነት ሪከርድ እንዳለው እዩ። ኤ ሪከርድ (ስሙን በቀጥታ ከአይፒ ጋር የሚያያይዝ) ከሆነ አይፒውን ጻፉት። እዚህ 203.0.113.10 ነው እንበል። ሲኔም ከሆነ ወደ የትኛው ስም እንደሚያመለክት ያዙ።

ከዚያ ዶሜይን ኮንትሮለሩ ላይ እንዲህ አድርጉ፦

1. ዲኤንኤስ ማኔጀርን ክፈቱ። በግራ በኩል ፎርዋርድ ሉካፕ ዞንስ የሚለውን ዘርግታችሁ ኩባንያ.ኮም ላይ ግቡ።

2. ዝርዝሩን በዓይናችሁ አንብቡ። ባለ ሦስት ደብሊው ቀድሞ ካለና አይፒው ያረጀ ከሆነ አዲስ አትጨምሩ፤ ያለውን አስተካክሉ። አሮጌውና አዲሱ አብረው ከቀሩ ገጹ አንዴ ይከፈታል አንዴ እምቢ ይላል።

3. ከሌለ ባዶ ቦታ ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ኒው ሆስት የሚለውን ምረጡ።

4. የስም ሳጥኑ ውስጥ ሦስቱን ደብሊው ብቻ ጻፉ። ሙሉውን አድራሻ አትጻፉ። ሰርቨሩ ኩባንያ.ኮምን ራሱ ይቀጥልበታል፤ ሙሉውን ከሞላችሁ ስሙ ሁለቴ ኩባንያ.ኮም ይሆናል። ይህን ስህተት ያልሠራ አድሚን አላውቅም።

5. አይፒ ሳጥኑ ላይ 203.0.113.10 ሙሉ። የተገላቢጦሽ ሪከርድ ይፈጠር የምትለዋን ምልክት አንሱ፤ የሌላ ሰው አይፒ ስለሆነ አያገባችሁም። አድ ሆስት በሉ።

ውጭ ያለው ሲኔም ከሆነ በኒው ሆስት ፋንታ ኒው አሊያስ ምረጡና የሆስቲንጉን ስም ስጡት። አንድ ወጥመድ አለ። ውጭ ያለው ሲኔም ወደ ባዶው ስም፣ ማለትም ወደ ራሱ ወደ ኩባንያ.ኮም የሚያመለክት ከሆነ ውስጥ አትገልብጡት። ውስጥ ባዶው ስም ሌላ ሰው ነው፤ ወደ እሱ እመጣለሁ። እንዲህ ሲሆን አይፒውን በኤ ሪከርድ ስጡ።

አሁን ሠራተኛው ኮምፒውተር ላይ ሄዳችሁ አይፒኮንፊግ /ፍላሽዲኤንኤስ (ipconfig /flushdns) በሉ። ቀድሞ የሰማውን «የለም» የሚለውን መልስ እንዲረሳ ነው። ብራውዘሩን ሙሉ በሙሉ ዘግታችሁ ክፈቱ። ከከፈተ ጨረሳችሁ፤ ቢያንስ ግማሹን።

በሌላ ከተማ ቅርንጫፍ ካላችሁና እዚያም ዶሜይን ኮንትሮለር ካለ ትንሽ ታገሱ። በሳይቶች መካከል ለውጥ የሚተላለፍበት ልማደኛ ክፍተት 180 ደቂቃ ነው። ሳይደርሳቸው ቀርቶ «አልሠራም» ቢሏችሁ ሪከርዱን አጥፍታችሁ እንደ አዲስ አትጀምሩ።

ባዶው ስም፦ እዚህ ጋ እጃችሁን ሰብስቡ

አሁን አንዱ ሦስቱን ደብሊው ትቶ ኩባንያ.ኮም ብቻ ብሎ ይጽፋል። አይከፈትም። ወይም የአይአይኤስ፣ ማለትም የዊንዶውስ ዌብ ሰርቨር፣ ሰማያዊ ገጽ ይመጣበታል። ምክንያቱን ለማየት ወደ ዞኑ ተመለሱ። ስማቸው ላይ «ሴም አዝ ፓረንት ፎልደር» የሚል የተጻፈባቸው ኤ ሪከርዶች አሉ። አይፒያቸው እንደ 192.168.10.5 ያለ የውስጥ አይፒ ነው። የዶሜይን ኮንትሮለሮቻችሁ አድራሻ ነው።

«እነዚህን አጥፍቼ የዌብሳይቱን አይፒ ልተካ» የሚል ሐሳብ ይመጣል። አታድርጉት። አንደኛ፣ ኔትሎጎን የሚባለው ሰርቪስ መልሶ ይመዘግባቸዋል፤ ስታጠፉ ሲመልስ ትውላላችሁ። ሁለተኛውና የከፋው፣ ኮምፒውተሮች የግሩፕ ፖሊሲ (ከሰርቨሩ ለሁሉም የሚወርድ ቅንብር) ፋይሎችን የሚያነቡት በዚሁ ስም ነው። ሲስቮል የሚባለውን ፎልደር በኩባንያ.ኮም በኩል ይፈልጉታል። የዌብሳይቱን አይፒ ከነባሮቹ ጋር ብትደባልቁ፣ ሰርቨሩ አድራሻዎቹን በየተራ እየቀያየረ ስለሚሰጥ ፖሊሲው አንዴ ይሠራል፣ አንዴ አይሠራም። አንዳንዴ ብቻ የሚታይ ችግር ደግሞ እንቅልፍ ይነሳል።

እና ምን ይሻላል? የእኔ ምርጫ በጣም ተራ ነው፤ ቢሮ ውስጥ ሁሉም ባለ ሦስት ደብሊውውን ይጠቀም። በግሩፕ ፖሊሲ የብራውዘሩን መነሻ ገጽ ወይም ዴስክቶፕ ላይ ሾርትከት አድርጉላቸው። ማንም ካልጻፈው ማንም አይሳሳትም።

ይህ እንዲሠራ ግን ድረ ገጹ ራሱ መተባበር አለበት። ብዙ ገጾች ባለ ሦስት ደብሊው ብላችሁ ስትገቡ ወደ ባዶው ስም ይመልሷችኋል። ውጭ ያለ ሰው ልብ አይለውም። ቢሮ ውስጥ ግን ሪከርዱን በትክክል ጨምራችሁ፣ ኤንኤስሉካፕም ትክክለኛውን አይፒ እየሰጠ፣ ገጹ እምቢ ይላል። አድራሻ መጻፊያው ላይ ተመልከቱ፤ ሦስቱ ደብሊው ጠፍተው ከሆነ ተሸውዳችኋል። ዌብሳይቱን የሚያስተዳድረው ሰው አቅጣጫውን እንዲገለብጠው ጠይቁ፤ ባዶው ስም ወደ ባለ ሦስት ደብሊው ይምራ። ዎርድፕረስ ከሆነ ሴቲንግስ፣ ጄኔራል ውስጥ ያሉት ሁለት የአድራሻ ሳጥኖች ናቸው። ብራውዘሮች የድሮውን አቅጣጫ ስለሚያስታውሱ ከለውጡ በኋላ የብራውዘሩን ካሽ አጽዱ።

አለቃ «እኔ ባዶውን ነው የምጽፈው» ካሉ ሁለተኛ መንገድ አለ። በእያንዳንዱ ዶሜይን ኮንትሮለር ላይ የኔትሽ ፖርትፕሮክሲን (netsh portproxy፣ የዊንዶውስ የፖርት ማሳለፊያ ትእዛዝ) ተጠቅማችሁ በ80 እና በ443 ፖርት የሚመጣውን ወደ 203.0.113.10 ማሳለፍ ትችላላችሁ። ግንኙነቱን ሳይከፍት ስለሚያሳልፈው ሰርተፊኬቱም አይጣላም። አይፒ ሄልፐር የሚባለው ሰርቪስ መነሳት አለበት፤ ፋየርዎሉም ፖርቶቹን ይፍቀድ፤ ፖርቶቹን የያዘ ሌላ ፕሮግራም አለመኖሩንም አረጋግጡ። ይሠራል። ግን ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ልጅ ፈልጎ የማያገኘው ዓይነት ነገር ስለሆነ ጽፋችሁ አስቀምጡለት።

ሦስተኛው፣ ዶሜይን ኮንትሮለሩ ላይ አይአይኤስ ጭኖ ሰውን ወደ ባለ ሦስት ደብሊው መምራት ነው። አልመክርም። ኤችቲቲፒኤስ ሲመጣ ሰርተፊኬት ካልጫናችሁበት ማስጠንቀቂያ ያወጣል። የድርጅቱን የይለፍ ቃል ሁሉ የያዘ ማሽን ላይ ዌብ ሰርቨር መክፈትም ለእኔ አይዋጥልኝም።

ሌሎቹን ስሞች አትርሱ

ባለ ሦስት ደብሊው የታየው ሰው ስለሚጮህለት ነው። በዝምታ የተሰበሩም አሉ። የውጩን ዞን ሙሉ ዝርዝር አውጡና ከውስጡ ጋር አስተያዩ። ዌብሜይል፣ ሜይል፣ ኤፍቲፒ፣ ቪፒኤን፣ አውቶዲስከቨር፣ ደንበኛ የሚመዘገብበት ንዑስ ገጽ። ቢሮ ውስጥ ሆኖ የሚጠቀምባቸው ሰው ካለ አንድ በአንድ ጨምሩ። ኢሜይላችሁ ማይክሮሶፍት 365 ላይ ከሆነ በተለይ አውቶዲስከቨርን፣ አውትሉክ የኢሜይል ቅንብሩን የሚያገኝበትን ስም፣ እዩ። አውትሉክ ቤት ሲሆን ወዲያው ተስተካክሎ ቢሮ ሲመጣ የሚያንገራግር ከሆነ አንዱ ተጠርጣሪ እሱ ነው።

ስካን አድርጎ በኢሜይል የሚልክ ፕሪንተር ወይም ለራሳችሁ ዶሜይን ደብዳቤ የሚልክ የውስጥ ሶፍትዌር ካለም ኤምኤክስ ሪከርዱን፣ ማለትም ኢሜይል የሚቀበለውን ሰርቨር የሚጠቁመውን፣ ይፈልግ ይሆናል። ውጭ በኮከብ ምልክት የተሞላ፣ ለማንኛውም ስም የሚመልስ ሪከርድ ካለም ውስጥ አይደርስም፤ የምትፈልጉትን ስም ለይታችሁ ጨምሩ። የውስጡን ግን ወደ ውጭ አትገልብጡ። የሰርቨሮቻችሁን ስምና አይፒ ለዓለም መለጠፍ ምንም አይጠቅማችሁም።

አይፒው ቶሎ ቶሎ ከተቀየረ

ገጹ ጎብኚውን ተቀብሎ ወደ ዌብሳይቱ ከሚያሳልፍ፣ እንደ ክላውድፍሌር ካለ አገልግሎት ጀርባ ከሆነ ዛሬ የሞላችሁት አይፒ ነገ ላይሠራ ይችላል። ለዚህ የምወደው ዴሌጌሽን ነው። ኩባንያ.ኮም ዞን ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ኒው ዴሌጌሽን በሉ። ስሙ ላይ ሦስቱን ደብሊው ብቻ ስጡት። ኔም ሰርቨር ሲጠይቃችሁ የውጭ ዶሜይናችሁን የያዙትን ሰርቨሮች ሙሉ። ከዚህ በኋላ የውስጡ ሰርቨር «ለዚህች ስም እነ እገሌን ጠይቅ» ተብሎ ተነግሮታል፤ ውጭ ሲቀየር ውስጥም ራሱ ይከተላል። ባለ ሦስት ደብሊው ኤ ሪከርድ ቀድሞ ካለ አስቀድማችሁ አጥፉት። ሰርቨሩም በዩዲፒና በቲሲፒ 53 ወደ ውጭ መውጣት መቻል አለበት። ያቺ ወደ ባዶው ስም የምታመለክት ሲኔም ግን እዚህም ታበላሻለች።

ዴሌጌሽን ካልተጠቀማችሁ፣ ሆስቲንግ የሚቀየርበትን ቀን ዌብሳይቱን የሚሠሩት ሰዎች ለእናንተ እንዲነግሩ አስቀድማችሁ ተስማሙ። አለበለዚያ የሚነግራችሁ ያው የጠዋቱ ስልክ ነው።

ዌብ ሰርቨሩ እዚያው ቢሮ ውስጥ ከሆነ

ገጹን የምታስተናግዱት ራሳችሁ ከሆነ ውስጥ የምትጨምሩት ሪከርድ የሰርቨሩን የውስጥ አይፒ ይያዝ። ብዙ ራውተር ከውስጥ ወጥቶ በራሱ የውጭ አይፒ ተመልሶ የሚገባን ግንኙነት በነባሪው አያስተናግድም። በነገራችን ላይ የውስጥ ሰርቨራችሁ ዊንዶውስ ካልሆነ ሐሳቡ ያው ነው። ባይንድ በሚባለው የዲኤንኤስ ሶፍትዌር ላይ ቪው ይባላል፤ ጠያቂው ከየት እንደመጣ አይቶ የተለያየ መልስ ይሰጣል። ሚክሮቲክ ራውተር ላይ ደግሞ ስታቲክ ዲኤንኤስ ነው። እዚያ ቀላል ነው፤ የጻፋችሁትን ስም ብቻ ራሱ ይመልሳል፣ የቀረውን ወደ ውጭ ይልካል።

ክሮም ላይ ተከፍቶ ፋየርፎክስ ላይ እምቢ ካለ፣ ወይም በተቃራኒው ከሆነ፣ የብራውዘሩን ሴቲንግ እዩ። ሴክዩር ዲኤንኤስ ወይም ዲኤንኤስ ኦቨር ኤችቲቲፒኤስ የሚል ነገር ተከፍቶ ከሆነ ብራውዘሩ የቢሮውን ሰርቨር ዘሎ ውጭ እየጠየቀ ነው። በግሩፕ ፖሊሲ ዝጉት።

አዲስ ዶሜይን የምትተክሉ ከሆነ

ገና ከሆናችሁ ስሙን ለይታችሁ ጀምሩ። የገዛችሁትን ስም ይዛችሁ ከፊቱ አንድ ቃል ጨምሩ፤ አድ.ኩባንያ.ኮም ወይም ኮርፕ.ኩባንያ.ኮም። ያኔ ሰርቨሩ የሚያዝዘው በዚያች ንዑስ ስም ላይ ብቻ ነው፤ ስለ ዌብሳይቱ ሲጠየቅ ልክ እንደ ሌላው ወደ ውጭ ወጥቶ ያመጣል። ድሮ ብዙዎች መጨረሻው ነጥብ ሎካል የሆነ ስም ይሰጡ ነበር። ያ ስም ከ2013 ጀምሮ ለመልቲካስት ዲኤንኤስ (መሣሪያዎች ያለ ሰርቨር ለሚፈላለጉበት ዘዴ) ተለይቷል፤ የአፕል መሣሪያዎች ይጋጩበታል። በ2024 የኢንተርኔት ስሞችን የሚያስተባብረው ድርጅት አይካን ነጥብ ኢንተርናልን ለውስጥ ኔትወርኮች ለይቶ አስቀምጧል። ግን ለእሱ ከታወቀ ሰጪ ሰርተፊኬት ማግኘት ስለማይቻል እኔ አሁንም ንዑስ ስሙን እመርጣለሁ።

የተተከለውንስ ስሙን መቀየር አይቻልም ወይ? ሬንዶም የሚባል መሣሪያ አለ። ኤክስቼንጅ ሰርቨር (የማይክሮሶፍት ኢሜይል ሰርቨር) የተጫነበት ዶሜይን ላይ ግን ማይክሮሶፍት አይደግፈውም። ሌላው ቦታም ቢሆን እያንዳንዱን ኮምፒውተር መንካት አይቀርም። በአምስት ስድስት ሪከርድ ለሚፈታ ነገር እኔ ያንን አውሬ አልቀሰቅስም።